ሥጋ ደዌና አፍንጫ

ሥጋ ደዌ ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው የጣት መቆረጥና የእግር ቁስል ነው። ይሁን እንጂ በሽታው አስቀድሞ ከሚያጠቃቸው የሰውነት ክፍሎች አንዱ አፍንጫ ነው፤ ይህንም በግልጽ ካስረዱት ማስረጃዎች መካከል ከመቃብር የወጡ ዐፅሞች ይገኙባቸዋል።

ዴንማርካዊው ሐኪም ቪልሄልም ሞለር ክሪስቴንሰን ከ1948 ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በኔስትቬድ ከተማ አጠገብ የነበረውን የመካከለኛው ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ መቃብር አስቆፈረ። ከአፍንጫ ቀዳዳ ግርጌ ወጣ ብላ የምትታየው ትንሽ የአጥንት ሹል በብዙዎቹ የራስ ቅሎች ላይ ተበልታ ጠፍታለች፤ የላይኞቹ የፊት ጥርሶች የተተከሉበትም አጥንት ሳስቷል። ይህንንም ለውጥ «ፋሲየስ ሌፕሮዛ» ማለትም የሥጋ ደዌ ፊት ብሎ ሰየመው። በዚያ ዘመን ሰውን ከወገኑ ለመለየት የሚመረምሩ ሁሉ ከሚያዩአቸው ምልክቶች አንዱ ይኸው የአፍንጫ መውደቅ ነበር። ፍርዱ ጨካኝ ቢሆንም ምልክቱስ እውነተኛ ነበር።

የበሽታውን ባክቴሪያ በ1873 ያገኘው በኖርዌይ፣ በበርገን ከተማ፣ ገርሃርድ አርማወር ሃንሰን ነው። አማቱ ዳንኤልሰን፣ ራሱ የታወቀ የሥጋ ደዌ ሊቅ ሲሆን፣ በሽታው በዘር የሚወረስ ነው ባይ ነበር።

ባክቴሪያው ለምን አፍንጫን እንደሚመርጥ ለመረዳት ስለ ሙቀት ማሰብ ያስፈልጋል። ይህ ተሕዋስ የሚመቸው ከሰውነት መደበኛ ሙቀት ዝቅ ያለ፣ ከ30 እስከ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሆነ ሥፍራ ነው። አፍንጫ ደግሞ በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ የሙቀት መለዋወጫ ነው፤ የሚገባውን አየር ለሳንባ እያሞቀና እያረጠበ ራሱ ይቀዘቅዛል። በዚህ ቀዝቃዛ ሥፍራ ባክቴሪያው በዝግታ ይራባል፤ አንዱ ሁለት ለመሆን እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። ከዚህም የተነሣ ብግነቱ ለዓመታት ይዘልቃል። በመጀመሪያ የውስጡ ስስ ሽፋን ያብጣል፣ አፍንጫውም ይታፈናል፤ ቀጥሎ ቅርፊትና መድማት ይመጣል፤ በመጨረሻም ሁለቱን ቀዳዳዎች የሚለየው ግድግዳ ይበሳና የአፍንጫው ድልድይ ይሰረጉዳል።

ሽታን የሚቀበሉት ነርቮች ያሉት በአፍንጫው ጣሪያ ላይ ነው። መንገዱ ሲታፈን ሽታ ያዘለው አየር ከዚያ አይደርስም፤ ሽፋኑ ራሱ ሲጎዳ ደግሞ ቢደርስም አይለይም። ለጤነኛ ሰው ይህ ጥቃቅን ጉዳት ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን እጁ ሙቀትን የማይለይ ሕመምተኛ ድስቱ ሲያር ወይም ልብሱ እሳት ሲነካው፣ ዓይኑ ካላየ፣ የሚያስጠነቅቀው ሽታው ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 የተለያዩ መድኃኒቶች ባንድነት እንዲሰጡ ከመከረ ወዲህ ባክቴሪያውን ከሰውነት ማጥፋት ተችሏል፤ የተበላው አጥንት ግን አይመለስም። በአዲስ አበባ፣ በ1965 ከተመሠረተው ከአለርት አጠገብ፣ በ1970 የተቋቋመው የምርምር ተቋም የሃንሰንን ስም ይዟል።