የዓይን ማዝ አምጪ ባክቴሪያ የዘረመል ምርመራና ለኅብረተሰቡ ያለው ፋይዳ

የዓይን ማዝ (ትራኮማ) ክላሚዲያ ትራኮማቲስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ነው። ከዓይንና ከአፍንጫ በሚወጣ ፈሳሽ፣ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ አማካኝነት ይተላለፋል። ሕመሙ ሲደጋገም የላይኛው የዓይን ቆብ ውስጡ ይጠባሳል፤ ሽፋሽፍቱም ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዓይንን ይፍቃል። በወቅቱ ካልታከመ ለማይመለስ ዓይነ ስውርነት ይዳርጋል።

ምርመራው ለምን አስፈለገ?

በአማራ ክልል እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2015 ከ124 ሚሊዮን በላይ ዶዝ መድኃኒት ተሰራጭቷል። ይሁን እንጂ በበርካታ ወረዳዎች በሽታው በከፍተኛ ደረጃ በመቀጠሉ፣ ባክቴሪያው አዚትሮማይሲንን ተላምዶ እንደሆነ ማጣራት አስፈልጓል።

ምን ተገኘ?

የባክቴሪያው ሙሉ ዘረመል ከ1 ሚሊዮን ጥቂት በሚበልጡ ፊደላት የተጻፈ መመሪያ ያህል ነው። ተመራማሪዎች ከክልሉ ነዋሪዎች ዓይን ተወስደው ከላቦራቶሪ ምርመራ የተረፉ 99 ናሙናዎችን ዘረመል አንብበዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመው ውጤት መሠረት መድኃኒቱን የመቋቋም ምልክት አልተገኘም። በአንጻሩ የባክቴሪያው የውጭ ሽፋን ፕሮቲን ዘረመል በይበልጥ በተለያየባቸው ወረዳዎች የኢንፌክሽን ስርጭቱም ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፤ የዚህ ተያያዥነት ምክንያት ተጨማሪ የረጅም ጊዜ ክትትል ይሻል።

ለተገልጋዮች ምን ማለት ነው?

«መድኃኒቱ አይሠራም» በሚል መድኃኒት አለመውሰድ በምርመራው ውጤት አይደገፍም። ስለሆነም በኩታበር፣ በመካነ ሰላምና በአካባቢው ያሉ ነዋሪዎች የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ ይመከራል፦

• በዘመቻ ወቅት መላው ቤተሰብ መድኃኒቱን እንዲወስድ ማድረግ፤ መጠኑ በቁመት ልኬት ይወሰናል። ዕድሜያቸው ከ6 ወር በታች ለሆኑ ሕፃናት የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይሰጣል፤

• የልጆችን ፊት አዘውትሮ በንጹሕ ውኃ ማጠብ፤

• መጸዳጃ ቤት መሥራትና መጠቀም፣ ደረቅ ቆሻሻንና የከብት እዳሪን ከመኖሪያ ማራቅ፤

• ሽፋሽፍት የተቀለበሰበት ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ። በወረንጦ መንቀል ለጊዜው ቢያስታግስም ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል። መድኃኒቱም የተቀለበሰውን ሽፋሽፍት አያቃናም፤ መፍትሔው የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ነው።

ለተጨማሪ መረጃ በየቀበሌው የሚገኙ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ማነጋገር ይቻላል።