ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ ድምፅ ሊኖረው ይገባልን?

በመቂ ከተማ ሱቅ ከፍቶ፣ ግብር እየከፈለና ልጆች እያሳደገ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው የውጭ አገር ዜጋ ከሆነ የምርጫ ካርድ አያገኝም። ከሌላ ክልል መጥቶ በደምበል ሐይቅ ዳር በቲማቲምና በሽንኩርት ማሳ ላይ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ግን መራጭ ነው፤ መቂ ላይ ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር መኖር ብቻ ይጠበቅበታል። የመጀመሪያውን የሚያግደው ዜግነት ነው፣ ሁለተኛውን የሚያዘገየው ነዋሪነት። በዚህ ጽሑፍ ሕጉ የሚለውንና እኛ ተገቢ ነው የምንለውን እናቀርባለን።

ሕጉ ምን ይላል?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥ መብትን ለኢትዮጵያዊ ዜጋ ብቻ ሰጥቷል። የሃይማኖት ነፃነት (አንቀጽ 27)፣ ሐሳብን የመግለጽ (አንቀጽ 29) እና የመሰብሰብ (አንቀጽ 30) መብቶች ግን የማንኛውም ሰው ናቸው። ስለዚህ የውጭ ዜጋው ባይመርጥም መናገርና አቤት ማለት ይችላል።

ቢጫ ካርድ የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት መሥራትና መነገድ ቢችሉም አይመርጡም፣ አይመረጡም።

ዜግነት ለማግኘት የሚፈልግ የውጭ ዜጋ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ቢያንስ አራት ዓመት በአገሪቱ መኖር፣ ከአገሪቱ ቋንቋዎች አንዱን ማወቅና የቀድሞ ዜግነቱን መተው ይጠበቅበታል።

የኤርትራውያን ጉዳይ

ዜግነት ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ በ1990ዎቹ አይተናል። በ1985 በኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ የሰጡ ሰዎች ጦርነቱ በ1990 ሲነሳ ኤርትራዊ ሆናችኋል ተባሉ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከኢትዮጵያ ተባረሩ። አንድ ቀን የሰጡት ድምፅ ዕድሜ ልክ የኖሩበትን አገር አሳጣቸው። በ1996 በወጣ መመሪያ እዚህ የቀሩት የኢትዮጵያ ዜግነታቸውን መልሰው የሚያገኙበት መንገድ ተከፈተ።

በሌላ አገርስ?

ስዊድን ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሦስት ዓመት የኖሩ የውጭ ዜጎች በአካባቢ ምርጫ እንዲመርጡ ፈቅዳለች። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ሜሪላንድ የታኮማ ፓርክ ከተማም ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህንኑ ታደርጋለች። በሁለቱም ቦታ መብቱ በአካባቢ ምርጫ የተወሰነ ነው፤ ፓርላማውን የሚመርጡት ዜጎች ናቸው።

የእኛ አቋም

የፓርላማ ድምፅ ለዜጋ መሆኑን እንቀበላለን። የአገር መሬት፣ ጦርና ውል የሚወሰንበት ቦታ ስለሆነ የውጭ ተጽዕኖ ስጋት አለ የሚሉ ወገኖች ስጋት ተገቢ ነው። የቀበሌ ውኃ፣ ቆሻሻ፣ ትምህርት ቤትና የመቃብር ቦታ ግን ሁሉንም ነዋሪ እኩል ይነካሉ። በእነዚህ ጉዳዮች ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች በከተማ ምክር ቤት ተወካይ ልከው፣ ድምፅ ባይሰጡም የሚደመጡበት አሠራር ሊኖር ይገባል እንላለን።

ይህ ለታሪካችን እንግዳ አይደለም። ቁረይሾች ስደተኞቹን ሰሐቦች እንዲያስረክባቸው በጠየቁት ጊዜ ነጃሺ አስቀድሞ ስደተኞቹን አስጠርቶ አዳመጠ። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ስለ ሁሉም ቆሞ ተናገረ፤ ነጃሺም አሳልፌ አልሰጥም አለ። ሰሐቦቹ በሐበሻ ሥልጣን አልነበራቸውም፤ ተወካይ ግን ነበራቸው። በጅዳና በሪያድ ላሉ ወገኖቻችን የምንመኘውን መደመጥ በመቂ ላለው እንግዳም ልንነፍገው አይገባም።