የቢሮ የውስጥ ዲዛይን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዘመን

የቢሮ የውስጥ ዲዛይን ማለት የክፍሎችን አቀማመጥ፣ የቢሮ ዕቃን፣ ብርሃንን፣ ድምፅንና አየርን በቦታው ከሚሠራው ሥራ ጋር ማስማማት ነው። አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ንግግርን ወደ ጽሑፍ መለወጥ፣ ስካን የተደረገ ወረቀት ማንበብ፣ ደብዳቤ ማርቀቅና ለተለመዱ ጥያቄዎች መልስ መስጠት በመቻሉ የቢሮ ሥራ እየተለወጠ ነው፤ ሥራው ሲለወጥ ክፍሉም ይለወጣል። በዚህ ርዕስ ላይ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ትልልቅ ኩባንያዎች ነው። በኢትዮጵያ ግን ብዙ ሰው ቢሮ የሚገባው ተቀጥሮ ሳይሆን ጉዳይ ሊያስፈጽም ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በወረዳ ቢሮ ላይ ያተኩራል፤ ለምሳሌነትም በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የምትገኘውን ጨፋ ሮቢትን ይወስዳል። ጨፋ ሮቢት የአርጡማ ፉርሲ ወረዳ ከተማ ስትሆን የዞኑ ዋና ከተማ ከሚሴ ነው።

ወረቀት የሠራው ቢሮ

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ከሾሙ ወዲህ የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት ያደገው በወረቀት ዙሪያ ነው። ማመልከቻው ገቢ ይሆናል፣ ፋይሉ ከመዝገብ ቤት ይወጣል፣ ኃላፊው ይመራበታል፣ መልሱ ይተየባል፣ ማህተም ያርፍበታል፣ ወጪ ይሆናል። እያንዳንዱ እርምጃ የራሱን ጠረጴዛ ወይም ክፍል ፈጥሯል። ኢንጂነር አያና ብሩ የሠሩት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ከኃላፊው በር አጠገብ ለሚቀመጥ ጸሐፊ ቦታ አስገኘ። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ በአማርኛ መጻፍ በየትኛውም ኮምፒውተር የሚቻል እየሆነ ሄደ፤ መተየብም የአንድ ክፍል ሥራ መሆኑ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ለውጦች ግድግዳንም ነክተዋል። መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ (ቢፒአር) በተካሄደበት ወቅት በርካታ መሥሪያ ቤቶች የውስጥ ግድግዳ አፍርሰው ሠራተኛውን በአንድ አዳራሽ በቡድን አስቀመጡ። ሐሳቡ ባለጉዳዩ ከክፍል ክፍል እንዳይንከራተት ነበር፤ ይህ በብዙ ቦታ ተሳክቷል። ጉዳቱ ጫጫታው ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በርንስታይንና ተርባን የተባሉ ተመራማሪዎች ወደ ክፍት አዳራሽ የተዛወሩ ሁለት ኩባንያዎችን አጥንተው ፊት ለፊት መነጋገር በ70 በመቶ ገደማ እንደቀነሰና ሰዎች ወደ ኢሜይልና አጭር መልእክት እንዳዞሩ አሳይተዋል።

ወረዳ ኔት ደግሞ ለቪዲዮ ስብሰባ የሚሆን ክፍል ወደ ወረዳዎች አመጣ። በዚያው ዘመን አካባቢ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ትምህርትም አይረሳም፤ ቴሌቪዥኑ ከፊት ቆሞ በራሱ ፍጥነት ሲያስተምር መምህሩ ወደ ጎን ይቀመጥ ነበር። መሣሪያው ቦታውን ከያዘ በኋላ ሰውን በቀረው ቦታ ማመቻቸት ቢሮ ውስጥም በቀላሉ የሚደገም ስህተት ነው።

ለድምፅ የሚሆን ክፍል

በንግግር የሚሠራ ፕሮግራም ከጠረጴዛው ስፋት ይልቅ የክፍሉ ድምፅ ይወስነዋል። ብዙ የወረዳ ቢሮ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ሁሉም ድምፅን መልሰው ያስተጋባሉ። የማስተጋባቱ ርዝመት ዋላስ ሳቢን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ባገኘው ቀመር ይሰላል፦ የክፍሉ ይዘት በ0.161 ተባዝቶ ክፍሉ ድምፅን ለሚመጥበት መጠን ይካፈላል። 6 ሜትር በ5 ሜትር የሆነና ቁመቱ 3 ሜትር የደረሰ ባዶ ክፍል ይዘቱ 90 ኪዩቢክ ሜትር፣ ጠቅላላ ገጹ 126 ካሬ ሜትር ነው። ገጹ ከሚደርስበት ድምፅ 5 በመቶውን ብቻ ይመጣል ቢባል አንድ ድምፅ እስኪሞት 2.3 ሰከንድ ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰው ሌላ አምስት ስድስት ቃል ተናግሯል። ኮርኒሱ ብቻ 60 በመቶ በሚመጥ ቁስ ቢሠራ ጊዜው ወደ 0.6 ሰከንድ ይወርዳል። ወፍራም መጋረጃና መደርደሪያ ላይ የተሞሉ ፋይሎችም ያግዛሉ። መዝገብ ቤቱ ዲጂታል ሆኖ ቦክስ ፋይሉ ሁሉ ሲወጣ ክፍሉ ከበፊቱ ይበልጥ ማስተጋባቱ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው።

ክረምት ሌላ ችግር ያመጣል። ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሁለት ሰዎች እንኳ ተጯጩኸው ነው የሚግባቡት፤ ማይክሮፎን ከዚያ አይሻልም። ኮርኒስ የሌለው ክፍል ከሐምሌ እስከ መስከረም ለዚህ ሥራ አይሆንም ማለት ይቻላል።

ሁለት ቋንቋ በአንድ መስኮት

በጨፋ ሮቢትና በከሚሴ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ አፋን ኦሮሞ የዞኑ የሥራ ቋንቋ ሲሆን የሚጻፈውም በቁቤ ነው። ኦፕን ኤአይ በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዊስፐር የተባለ ንግግር ለዋጭ ሞዴል በ680,000 ሰዓት ድምፅ የሠለጠነ ቢሆንም፣ ከሞዴሉ ጋር በወጣው ጥናት የአማርኛ የቃላት ስህተቱ ከ100 በመቶ በላይ ነበር። ስህተት ከ100 የሚያልፈው ማሽኑ ያልተባለ ቃል ሲጨምርም ስለሚቆጠርበት ነው። አፋን ኦሮሞ ደግሞ በሞዴሉ የቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የወጡ ሞዴሎች ተሻሽለዋል፤ ያም ሆኖ አንድ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱን ቋንቋዎች ሲቀላቅል ሞዴሎች በቀላሉ ይሳሳታሉ።

በመሬት ጉዳይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የአባት ስም ወይም የአዋሳኝ ስም ተሳስቶ ከገባ ማስተካከሉ ለገበሬው ብዙ ምልልስ ነው፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ድረስ ሊሄድም ይችላል። ዲዛይኑ ሊሰጠው የሚችለው መልስ ሁለተኛ ስክሪን ነው። ስክሪኑ ወደ ባለጉዳዩ ዞሮ የተጻፈውን በሁለቱም ቋንቋ ያሳየዋል፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ጽሑፉ ጮክ ብሎ ይነበብለታል። ለዚህም ከመስኮቱ በዚህኛው ወገን ቢያንስ ሁለት ወንበር ያስፈልጋል፤ ሽማግሌ ወይም እናት ጉዳይ ይዘው ሲመጡ ልጅ ወይም ጎረቤት አብሮ መምጣቱ የተለመደ ነው። በጠባብ ቀዳዳ ጎንበስ ብሎ የሚያናግር መስኮት ለማሽኑም ለሰውም አይመችም።

የሚሰማ ምስጢር

ባለጉዳይ ጉዳዩን በወረቀት ሲያቀርብ ከኋላው የተሰለፈው ሰው አያነበውም። በቃል ሲናገር ግን ሁሉም ይሰማል። ፍቺ፣ ውርስ፣ ሕመም ወይም ዕዳ በአዳራሽ መሐል ለማይክሮፎን የሚነገር ነገር አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ የሚሰበስብ አካል መረጃውን እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ በሁለት ሜትር ርቀት ላይ ሰልፍ ያለበት ጠረጴዛ ግን መረጃውን ገና ኮምፒውተር ሳይገባ ያሰማዋል። ርካሹ መፍትሔ ሰልፉን ወደ በረንዳ አውጥቶ ከአዳራሹ ጥግ አንድ ትንሽ ክፍል በችፑድ መከለል ነው። ችፑድ ብቻውን ድምፅ በደንብ ስለማያግድ ክፍሉ እስከ ኮርኒሱ መድረስና በሩ ከሥሩ ክፍተት የሌለው መሆን አለበት።

በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የበርካታ ተቋማትን አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቧል። ስሙ ብዙ እጅ በአንድ መሶብ ከሚቀርብበት ማዕድ የተወሰደ ነው። የወረዳ ቢሮ እንዲህ ያለ ሰፊ አዳራሽ ስለማይኖረው የመሶብን አሠራር እንጂ ስፋቱን መቅዳት አይችልም።

ሙቀት፣ መብራትና ኔትወርክ

የጨፋ ሜዳ ሞቃት ነው። ሞዴሉ በሩቅ ሰርቨር ላይ ከሠራ ቢሮው የሚያስፈልገው ኔትወርክ ብቻ ነው፤ መረጃው ከቢሮው እንዳይወጣ ከተፈለገ ግን ኮምፒውተሩ እዚያው ይቀመጣል። ኃይለኛ የሆነ አንድ የግራፊክስ ካርድ እስከ 450 ዋት ይወስዳል፤ ይህ ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ወደ 100 ዋት ገደማ ሙቀት ስለሚሰጥ ካርዱ በክፍሉ ውስጥ አራት ሰው እንደ መጨመር ነው። ስለዚህ ማሽኑ ከሠራተኛውና ከባለጉዳዩ ተለይቶ፣ አየር በሚያሳልፍ ክፍል መቀመጥ ይኖርበታል። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ በመሆኗ የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይ በምሥራቅና በምዕራብ መስኮት በቀጥታ ይገባል፤ አዲስ ቢሮ የሚሠራ ሰው ረጅሙን ግድግዳ ወደ ሰሜንና ደቡብ ቢያዞር፣ በረንዳም ቢጨምርበት ብዙ ሙቀት ያድናል።

ሶኬት ከወለል ዕቅዱ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። ካልሆነ በአንድ ዲቫይደር ላይ ሌላ ዲቫይደር እየተሰካ ገመዱ መተላለፊያ ላይ ይዘረጋል። ዩፒኤስ መብራት ሲጠፋ የተጀመረውን ሥራ ለማስቀመጥ የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል እንጂ ቀኑን አያውልም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት መቋረጡም የሚያሳየው፣ በሩቅ ሰርቨር ላይ ብቻ የተመሠረተ ቢሮ በሩን ሊዘጋ እንደሚችል ነው። ስለዚህ መዝገብ፣ እስክሪብቶና ማህተም ያለበት አንድ ጠረጴዛ በዕቅዱ ላይ መቅረት የለበትም።

ፕሮግራሙ ራሱ ሲነድፍ

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የወለል ዕቅድንም ያወጣል። አውቶዴስክ በ2017 እ.ኤ.አ. የከፈተው የቶሮንቶ ቢሮው ከ10,000 በላይ አማራጮችን በኮምፒውተር አመንጭቶና አወዳድሮ የተነደፈ ነው። ከመለኪያዎቹ መካከል ሠራተኛው የሚመርጠው የሥራ ቦታ፣ የቀን ብርሃንና ትኩረትን የሚሰርቁ ነገሮች ይገኙበታል። ከመለኪያዎቹ አንዳንዶቹ የተወሰዱት ከሠራተኛው ምርጫ ነው። ለወረዳ ቢሮ ተመሳሳይ ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው ባለጉዳዩንም መቁጠር ይኖርበታል፦ በቀን ስንት ሰው ይመጣል፣ ምን ያህል ይጠብቃል፣ ስንቱ ከአጃቢ ጋር ነው። በዚሁ ዞን የባቲ ትልቅ ገበያ ሰኞ ነው፤ ከገጠር ለገበያ የመጣ ሰው በዚያው የቢሮ ጉዳዩንም ይጨርሳል። የሰኞው ቁጥር ለብቻው ካልገባለት ፕሮግራሙ የሳምንቱን አማካይ ይዞ የመጠበቂያውን ስፍራ ለረቡዕና ለሐሙስ ብቻ የሚበቃ አድርጎ ያወጣዋል።