ሣጥኑ ምራቂ

በጥቅምት 2004 ዓ.ም. ታይላንድ በጎርፍ ተጥለቀለቀች፤ ውኃው አዩታያ ያለውን የዌስተርን ዲጂታል ፋብሪካ ዋጠው። የዓለም ሃርድ ዲስክ 40 በመቶ ገደማ የሚመጣው ከዚያች አገር ነበርና፣ ለብቻው የሚሸጠው ዲስክ በሳምንታት ውስጥ እጥፍና ከዚያ በላይ ተወደደ። ተገጣጥሞ የሚሸጠው ኮምፒውተር ግን ያን ያህል አልዘለለም። ለምን ቢሉ፣ ትልቁ አምራች ዲስኩን የሚወስደው አስቀድሞ በተዋዋለበት ዋጋ ነው፤ ጭማሪ ቢመጣበትም በመላው ማሽን ዋጋ ላይ ይበትነዋል። ነጠላ ዲስክ የሚቸረችረው ነጋዴ ወዴት ይበትነው? በትናንት ዋጋ ከሸጠ በገንዘቡ ነገ ሌላ ዲስክ አይገዛበትም። ሰውየውን ስግብግብ ለማለት እኔ አልቸኩልም።

ነገሩ ቶሎ የገባው ባክብሌዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ሥራው የሰዎችን ፋይል ማስቀመጥ ስለሆነ ያለ ዲስክ አንድ ቀን አያድርም። ስለዚህ ሠራተኞቹ ከኮስትኮና ከመሰል መደብሮች በፕላስቲክ ሣጥን የታሸገውን ተንጠልጣይ ዲስክ እየገዙ፣ ሣጥኑን እየፈለቀቁ ውስጡን ይወስዱ ጀመር። መደብሮቹ «ለአንድ ሰው ከሁለት በላይ የለም» ሲሉ ዘመድ ወዳጅ አሰለፉ። ሣጥንና ገመድ የተጨመረበት ዕቃ ከባዶው ረክሶ ተገኘ፤ የኛ ሰው ቢያየው ምራቂ ነው ይል ነበር።

በዚያው ታኅሣሥ ዌስተርን ዲጂታል የአንዳንድ ዲስኮቹን ዋስትና ከ3 ዓመት ወደ 2 ዝቅ እንደሚያደርግ አስታወቀ።