ገመድ አልባ ግራይንደር

ገመድ አልባ ግራይንደር በባትሪ ኃይል ዲስክ እያሽከረከረ ብረት፣ ድንጋይና ሴራሚክ የሚቆርጥ ወይም የሚሞርድ የእጅ መሣሪያ ነው። ብዙዎቹ በ18 ቮልት ባትሪ ይሠራሉ፤ የተለመደው የዲስክ ዲያሜትር 115 ወይም 125 ሚሊሜትር ነው።

ማብሪያው በስህተት ቢነካ ዲስኩ ስለሚሽከረከር፣ ዲስክ ከመቀየሩ በፊት ባትሪው ይነቀላል። በዲስኩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት ከመሣሪያው ፍጥነት ማነስ የለበትም። የተለመደ ባለ 125 ሚሊሜትር መቁረጫ ዲስክ በደቂቃ እስከ 12,200 ዙር ሲፈቀድለት፣ ለባለ 230 ሚሊሜትሩ የሚፈቀደው 6,600 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ መከላከያውን አውልቆ ትልቅ ዲስክ በትንሽ ግራይንደር ላይ መግጠም ዲስኩ ተሰባብሮ እንዲፈናጠርና ሰው እንዲገድል ሊያደርግ ይችላል።

በቀጭን መቁረጫ ዲስክ ጎን አይሞረድም። ተጠቃሚው የዓይንና የፊት መከላከያ አድርጎ መሣሪያውን በሁለት እጁ ይይዛል፤ ካጠፋው በኋላም ዲስኩ እስኪቆም ድረስ አያስቀምጠውም።