የቃላት ማብራሪያ፦ የነገሮች በይነመረብ

ሐረጉ «ኢንተርኔት ኦፍ ቲንግስ» ከሚለው ተተርጉሞ የገባ ነው። ስያሜውን በ1999 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ባልደረባ የነበረው እንግሊዛዊው ኬቨን አሽተን ነው። ፍቺው አጭር ነው፦ አንድ ዕቃ ዳሳሽ ኖሮት የለካውን በራሱ በኔትወርክ ከላከ ስያሜው ይገባዋል።

ለአዳማ ሰው ምሳሌው ከከተማው ዳር ካለው ኮረብታ ላይ ይታያል።

በ2004 እና በ2007 ዓ.ም. የተመረቁት አዳማ አንድና አዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በድምሩ 136 ተርባይኖችና 204 ሜጋ ዋት አቅም አላቸው። በተርባይኑ አናት ላይ የነፋሱን ፍጥነትና አቅጣጫ የሚለኩ መሣሪያዎች አሉ። ነፋሱ ሲዞር ኮምፒውተሩ የተርባይኑን ራስ ያዞራል፤ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ የክንፎቹን አቀማመጥ ለውጦ ያቆማቸዋል። መረጃው በኬብል መቆጣጠሪያ ክፍል ስለሚደርስ፣ ባለሙያው የትኛው እንደቆመ ማማው ላይ ሳይወጣ ያውቃል። እንዲህ ያለው መስመር ብዙውን ጊዜ ከሕዝብ ኢንተርኔት የተለየ ዝግ ኔትወርክ ነው፤ ስለዚህ «በይነመረብ» እዚህ ላይ ሰፋ ባለ ትርጉሙ ይወሰዳል።

በጅቡቲ መስመር በሚጓዝ ኮንቴይነር ላይ የሚገጠም የኤሌክትሮኒክ ማሸጊያም በጂፒኤስ የለየውን ቦታ በሞባይል ኔትወርክ ይልካል። መንገድ ላይ ከተከፈተ፣ ጭነቱ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሳይደርስ ማስጠንቀቂያው ይቀድመዋል።

በባቱ (ዝዋይ) የአበባ እርሻዎችስ? የግሪንሃውሱን ሙቀትና እርጥበት ለክቶ ለኮምፒውተር የሚልክ ዳሳሽ በፍቺው ውስጥ ይገባል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ተራ ቴርሞሜትር ግን አይገባም፤ ንባቡን ለማየት ሰው እዚያው መድረስ አለበትና።