ቺንጋና ካቴና በባሮ ዳር

ጋምቤላ የማሽን ድምፅ የለመደችው ከወንዝ ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ሲዋዋሉ በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ፈቀዱ። ውሉ ኢታንግ አጠገብ ይላል፤ ጣቢያው የተተከለው ግን ጋምቤላ ላይ ነው። የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም በነጭ አባይና በሶባት በኩል መጥተው ሸቀጥ ያራግፋሉ፣ ከጎሬ በበቅሎ የወረደውን ቡና ይጭናሉ። ይህ ሁሉ በክረምት ብቻ ነው። ውሃው ሳይጎድል ያልተመለሰ መርከብ አሸዋ ላይ ተቀምጦ የሚቀጥለውን ክረምት ይጠብቃል። ጣቢያው በጥቅምት 1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የወንዙ ንግድም ቀስ በቀስ ለመንገዱ ለቀቀ።

እኔ የመንገዱ ዘመን ልጅ ነኝ። ቤተሰቤ በ1977 ዓ.ም. በሰፈራ ከወሎ ወደ ጋምቤላ መጥቶ አቦቦ ገባ። መካኒክነትን የተማርኩት ጋምቤላ ከተማ፣ ማንጎ ጥላ ሥር፣ ጋሼ ከምለው ሰው ነው። መጀመሪያ ያስያዘኝ ቃላት ነበሩ፦ ቴስታታ፣ ቫልቮላ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቴና፣ ቺንጋ። ሁሉም የጣሊያን ናቸው። ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሲሄድ ቃሉን ጋራዥ ውስጥ ትቶት ሄደ። «ታይሚንግ» ግን በእንግሊዝኛው ገባ፤ ዛሬም የሚተረጉመው የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሎው፣ ማለትም ክራንክሻፍቱ፣ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ መዞር አለበት። ያኔ ቫልቮላዎቹ በሰዓታቸው ይከፈታሉ፣ በሰዓታቸው ይዘጋሉ። ሁለቱን የሚያስተሳስረው ወይ ጥርስ በጥርስ፣ ወይ ካቴና የምንለው ሰንሰለት፣ ወይ ቺንጋ የምንለው ቀበቶ ነው። ጋሼ ያደገባቸው የዱሮ ላንድ ክሩዘሮች፣ ባለ 2ኤች ሞተሮቹ፣ በጥርስ ነበሩ። አዲስ አበባን ለዓመታት ያመላለሰችው ላዳ አብዛኛው ሞተሯ ባለ ካቴና ነው። ጥርስ ያለውን የጎማ ቺንጋ በብዛት በሚመረት መኪና ላይ መጀመሪያ ያዋለው ግላስ የሚባል የጀርመን ፋብሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1962። ፊያትም ጥቂት ዓመት ቆይቶ ተከተለ። ቺንጋ ቀላል ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ዋጋውም ይረክሳል።

ቺንጋ ጋምቤላ በብዛት የገባው ከስደተኞች እርዳታ ጋር ነው። የደቡብ ሱዳን ጦርነት ሕዝቡን ወደ ኢታንግና ወደ ፒኙዶ ባፈሰሰ ቁጥር ነጭ ሃርድቶፕ ላንድ ክሩዘር ተከትሎ መጣ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው 1ኤችዜድ ሞተር ከታች ጥርስ ነው፣ ከላይ ቺንጋ። ቺንጋው አጭር ነው፤ ክዳኑን ፈትቶ፣ ምልክት ከምልክት አግጥሞ ለመቀየር ግማሽ ቀን አይፈጅም።

ሰው «የቱ ይሻላል?» ይለኛል። ካቴና በዘይት ይኖራል፤ ቺንጋ በዘይት ይሞታል። የቪትስ ባለቤት ዘይት መቀየር ከረሳ ካቴናው ይላላል፤ ጠዋት ሲነሳ ይንኳኳል፣ ያማርራል፣ ጊዜ ይሰጣል። ቺንጋ አያማርርም። ጋሼ «ካቴና ባለጌ ነው፣ እየጮኸ ይሞታል፤ ቺንጋ ጨዋ ነው፣ ሳይናገር ይሄዳል» ይል ነበር።

ለዚህ ነው ቶዮታ የሃርድቶፑ ዳሽቦርድ ላይ የቺንጋ መብራት ያስቀመጠው። መብራቱ ቺንጋውን አያይም፤ ኪሎ ሜትር ብቻ ቆጥሮ ይበራል። አንድ ክረምት ወደ ኢታንግ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ የእርዳታ መኪና ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጎትተን አመጣነው። ክዳኑን ስከፍት ቺንጋው ተበጥሶ፣ ጥርሱ ተልጦ እንደ ትል ተጠቅልሎ አገኘሁት። ናፍጣ ሞተር በፒስቶንና በቫልቮላ መካከል ብዙ ክፍተት የለውም፤ ቫልቮላዎቹ ጎብጠዋል። ሾፌሩ «መብራቱ በርቶ ነበር፣ የሆነ ጋራዥ አጠፉልኝ» አለ። መብራቱን አጥፍተውለታል፤ ቺንጋውን አልነኩትም። በኪስ የሚያዝ ጎማ የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን፣ አስወረደ፤ መለዋወጫውም ከ760 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መኪናው ማንጎው ሥር ሁለት ሳምንት ቆመ።

የዱሮው የመርከብ ካፒቴን ወንዙ ሲጎድል በዓይኑ ያየው ነበር። ቺንጋ ክዳን ውስጥ ነው፤ የሚያየው የለም። ስለዚህ እኔ አንድ ልማድ አለኝ፤ ቺንጋ በቀየርኩ ቁጥር ክዳኑ ላይ በነጭ ቀለም ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን እጽፋለሁ። መኪናው ከድርጅት ወደ ድርጅት ቢሸጥ፣ ሾፌሩ ቢለወጥ፣ መብራቱንም ቢያጠፉት፣ ኮፈኑን የከፈተ ሰው ያነበዋል።